የካይሰንዶን ሒሳብ፦ ከዓሣው ሥር ያለው ሩዝ ሲወደድ

ቶኪዮ ውስጥ፣ ከቶዮሱ የዓሣ ጅምላ ገበያ አጠገብ፣ የድሮውን የኤዶ ዘመን ሰፈር አስመስሎ የተሠራ ሴንክያኩ ባንራይ የሚባል የገበያና የፍል ውሃ ማዕከል በፌብሩዋሪ 2024 ተከፈተ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የቴሌቪዥን ጋዜጠኞች ካሜራ ይዘው ሲጎርፉ ወሬ የሆነው ግን ሕንፃው ሳይሆን የምሳ ዋጋው ነበር። ሩዝ ላይ ጥሬ ዓሣ የተደረደረበት፣ ካይሰንዶን የሚባለው አንድ ጎድጓዳ ሳህን ወደ 7,000 የን ይጠጋል፤ የባሕር ጃርት ተቆልሎበት የሚቀርበው ደግሞ እስከ 18,000 የን ይደርሳል። የቢሮ ሠራተኛው ምሳውን ከ1,000 የን ላለማሳለፍ በሚጠነቀቅበት ከተማ ይህ ሲሰማ ከፊሉ ሳቀ፣ ከፊሉ ተቆጣ። ብዙም ሳይቆይ ለውጭ ጎብኚ የተሠራ ሳህን ነው የሚል የፌዝ ስም ወጣለት።

ከዚያው ከቶዮሱ በባቡር ብዙም ሳይርቁ፣ በሺምባሺ ወይም በኒሆምባሺ ጓሮ ለጓሮ፣ ከአሥር የማይበልጥ ወንበር ባላት ጠባብ ቤት ያው ምግብ በ1,000 የን ግድም ይበላል። ዓሣው ከአንድ ገበያ የተገዛ ሊሆን ይችላል። ታዲያ ሰባት እጥፍ ልዩነት ከየት መጣ? ብዙ ሰው መልሱን የሚፈልገው ዓሣው ውስጥ ነው። እኔ ግን ርካሹን ሳህን ርካሽ ያደረገው ዓሣው አይደለም ባይ ነኝ። ርካሽ ያደረገው ከዓሣው ሥር የተጨለፈው ሩዝ፣ ዓሣው ሲበለት የሚተርፈው ቁርጥራጭና ከባንኮኒው ጀርባ የሚቆመው ሰው ደመወዝ ነው። አሁን ወሬው ሁሉ ስለ ቱሪስቱ ሳህን ቢሆንም፣ ለጃፓናዊው ሠራተኛ የሚያሳስበው እነዚህ መደገፊያዎች አንድ በአንድ እየተነሡ መሆናቸው ነው።

የካይሰንዶን አሠራር ቀላል ነው። ለብ ያለ ሩዝ በጎድጓዳ ሳህን ይጨለፍና በላዩ ሳሺሚ፣ ማለትም ተቆራርጦ የተዘጋጀ ጥሬ ዓሣ፣ ይደረደራል፦ ቱና፣ ሳልሞን፣ ስኩዊድ፣ ሽሪምፕ፣ ሆታቴ የሚሉት ባለ ቅርፊት የባሕር እንስሳ፣ ኪስ ከፈቀደም የሳልሞን ዕንቁላል። ቱና ብቻ ከሆነ ቴካዶን፣ የተከተፈ ቱና ከአረንጓዴ ሽንኩርት ጋር ከሆነ ኔጊቶሮዶን ይሉታል። ከሱሺ የሚለየው ነገር ለዋጋው ወሳኝ ነው። ሱሺ ሩዙን በመዳፉ ጨብጦ ቅርጽ የሚያስይዝ፣ ዓመታት የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል። ካይሰንዶን ላይ ዓሣው በደንብ ከተቆረጠ የቀረው መጨለፍና መደርደር ነው። አንድ ጥሩ ቢላ ያዥና አንድ ረዳት በምሳ ሰዓት ሙሉ ቤት ያስተናግዳሉ።

አበላሉም የተጣደፈ ነው። በር ላይ የቆመው ማሽን ገንዘብ ይቀበልና ትኬት ይተፋል፤ አስተናጋጅ ጠርቶ ማዘዝ፣ ሒሳብ መጠየቅ፣ መልስ መጠበቅ የለም። ትኬቱን ባንኮኒው ላይ አስቀምጠው ሻዩን ፉት ሳይሉ ሳህኑ ከሚሶ ሾርባ ጋር ፊትዎ ይቀመጣል። ዋሳቢ የሚሉትን የሚያቃጥል አረንጓዴ ማጣፈጫ በትንሿ ሳህን ከአኩሪ አተር ሶስ ጋር አዋሕደው በዓሣው ላይ ዞር ዞር አድርገው ማፍሰስ የብዙ ሰው ልማድ ነው፤ ጥንቁቁ ግን ዋሳቢውን እያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ትንሽ ትንሽ ያስነካል። ሶሱን ሩዙ ላይ እንደ ወጥ መድፋት አይመከርም፤ ጨውነቱ ሁሉንም ነገር አንድ ዓይነት ያደርገዋል። ከዚያ ዓሣና ሩዝ አንድ ላይ በቾፕስቲክ ይነሣል፣ ዝንጅብሉ በመሀል ይቀመሳል፣ በሩብ ሰዓት ወንበሩ ለሌላ ይለቀቃል። ወሬ ለማውራት የሚገባበት ቤት አይደለም።

በዚህ መደብ ውስጥ ስሟ የገነነ ቱጂሃን የምትባል የኒሆምባሺ ቤት አለች። ዋናው ሳህኗ ለብዙ ጊዜ ከ990 የን ይጀምር ነበር፤ አሁን ከ1,000 የን በላይ ነው፣ ሰልፉ ግን ያው ነው። የሰሊጥ ሶስ የነካው የዓሣ ቁራጭ አስቀድሞ ይቀርባል፤ ሁለት ሦስቱን ግን ሳይበሉ ማቆየት ነው። ዋናው ሳህን በትንንሹ የተከተፈ የተለያየ ዓሣ ሩዙ ላይ ተከምሮበት ይመጣል። ጥቂት ሩዝ ሲቀር ሳህኑን መልሰው ወደ ባንኮኒው ሲያነሱ ሠራተኛው ከዓሣ አጥንት የተቀቀለ ነጭ ትኩስ ሾርባ ይጨምርበታል። ያን ጊዜ ያቆዩትን የሰሊጥ ዓሣ ጣል ያደርጉበታል፤ ጥሬው ዓሣ ሾርባው ውስጥ ዳር ዳሩ ነጣ እያለ ይበስላል። በአንድ ዋጋ ሁለት ምግብ በሉ ማለት ነው። የንግድ ብልሃቱን ልብ በሉ፦ ሁለተኛውን ምግብ የፈጠረው ሊጣል የነበረ አጥንትና ጥቂት ጭልፋ ሩዝ ነው።

የርካሹ ካይሰንዶን ምሥጢር በአብዛኛው እዚህ ጋ ነው ያለው። ትልቅ ቱና ሲበለት ከአጥንት አጥንት መሀል ቢላ የማይደርስበት ሥጋ ይቀራል። ሠራተኛው የጎን አጥንቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ በማንኪያ ወይም በባሕር ቅርፊት ይፍቀዋል። ናካኦቺ ይባላል፤ ቅርጽ የለውም፣ ሱሺ ላይ አይቀመጥም፣ ጣዕሙ ግን ከውድ ቁራጭ የሚያንስ አይደለም። ለሱሺ ቤት አራት ማዕዘን ሆኖ ሲስተካከል ከዳርና ከዳር የሚወድቀው ቁርጥራጭም እንደዚሁ ነው። እነዚህ ሁሉ መልካቸው ስለማያምር በርካሽ ይሸጣሉ፤ ጎድጓዳ ሳህን ደግሞ መልክ አይጠይቅም። ነገሩ ሁሉ ግን እንዲህ ንጹሕ አይደለም። በጣም ርካሽ የሆነው የተከተፈ ቱና ብዙ ጊዜ ስብ ከሌለው የቱና ዓይነት ተዘጋጅቶ የአትክልት ዘይት የተጨመረበት ነው፤ ምላስ ላይ የሚቀልጠው ስብ የቱናው ላይሆን ይችላል። ይህ ሕገ ወጥ አይደለም፤ 600 የን ከፍሎ ብሉፊን የሚባለውን ውድ የሰባ ቱና እበላለሁ ብሎ የሚጠብቅ ሰው ግን ራሱን እያታለለ ነው።

ከእነዚህ ሌላ ዋጋውን የሚያግዘው ቅዝቃዜ ነው። ከሩቅ ውቅያኖስ የሚመጣው ቱና መርከቡ ላይ እንደተያዘ ከዜሮ በታች 60 ዲግሪ ገደማ በሆነ ቅዝቃዜ በረዶ ይደረጋል። በዚያ ሙቀት ሥጋው ቀይ መልኩን ይዞ ለወራት ይቆያል፤ በኤሌክትሪክ መጋዝ እየተሰነጠቀ በሚፈለገው መጠን ይሸጣል። ስለዚህ ባለቤቱ ማዕበል ሲነሣና ጀልባ ሳይወጣ ሲቀር አይደነግጥም፤ የነገውን ዋጋ ዛሬ ያውቀዋል። "ትኩስ" የሚለው ቃል ቱሪስት ይስባል እንጂ የርካሹን ሳህን ዋጋ ያረጋጋው የበረዶ ክፍሉ ነው። ትልልቆቹ ሰንሰለት ቤቶች ይህን አሳምረው ያውቁበታል። በከብት ሥጋ ሩዝ የታወቀው ሱኪያ ለዓመታት ከዝርዝሩ ያላወጣው የተከተፈ ቱና አለው፤ እናት ኩባንያው ዜንሾ ደግሞ ሃማ ሱሺ የሚባለውን ግዙፍ የሱሺ ሰንሰለትም ያስተዳድራል። ሁለቱን ቤት በአንድ እጅ የያዘ ገዢ አቅራቢ ፊት ሲቆም ድምፁ ይሰማል።

ቅዝቃዜው ለጤናም ነው። አኒሳኪስ የሚባለው የባሕር ዓሣ ጥገኛ ትል ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ለ24 ሰዓት ከቆየ ይሞታል፤ የጃፓን ጤና ሚኒስቴር መመሪያም ይህንኑ ይላል። ሐዋሳ አሞራ ገደል ማለዳ ከጀልባ የወረደ ቆሮሶ እዚያው ተቆራርጦለት ጥሬውን በዳጣ የበላ ሰው ጃፓኖች ጥሬ ዓሣ ይበላሉ ሲባል ላይገርመው ይችላል። ልዩነቱ ጃፓን ውስጥ የወንዝና የሐይቅ ዓሣ ጥሬውን እንዳይበላ አጥብቆ መመከሩ ነው። የጨው ውሃ ዓሣ ሆኖም እንኳ ከባሕር እስከ ሳህን ያለው የማቀዝቀዣ ሰንሰለት ካልተበጠሰ ነው የሚበላው። ሳልሞን ጥሩ ማስረጃ ነው። ጃፓኖች በራሳቸው ባሕር የሚያዘውን ሳልሞን ትሉን ስለሚፈሩ ጥሬውን አይበሉም ነበር። ዛሬ በየሳህኑ የሚታየው ብርቱካናማ ሳሺሚ በ1980ዎቹ ኖርዌይ ባሕር ውስጥ በመረብ ከልላ ያረባችውን ዓሣ ለመሸጥ ባደረገችው ዘመቻ የገባ ነው። የጥንት ባህል የሚመስለን ነገር ዕድሜው ገና አርባ ዓመት ገደማ ነው።

ወደ ዋጋው እንመለስ። ዓሣው ጭራሽ አልተወደደም ማለት አይደለም። ሃኮዳቴ በስኩዊድ የታወቀች ከተማ ናት፤ ሱሩሜኢካ የሚባለው ዋናው የጃፓን የስኩዊድ ዓይነት ምርት ግን በ2011 ከ200,000 ቶን በላይ የነበረው በ2023 ወደ 20,000 ቶን ግድም ወርዷል። በ2021 መኸር የሰሜኗን ደሴት የሆካይዶን ምሥራቅ የመታው፣ ባሕሩን የሚያቀላ መርዛማ የአልጌ መስፋፋት የባሕር ጃርቱን ፈጅቶታል። ሩሲያ በ2022 ዩክሬንን ስትወርና የአየር ክልሏ ሲዘጋ የኖርዌይ ሳልሞን የጫኑ አውሮፕላኖች ዙሪያ ጥምጥም መብረር ግድ ሆነባቸው። ይህ ሁሉ ሳህኑ ላይ ይታያል፤ ስኩዊዱ ይሳሳል፣ የሳልሞን ዕንቁላሉ ከማንኪያ ወደ ጥቂት ፍሬ ይወርዳል።

ግን የምግቡ ንጉሥ የሆነው ቱና የተለየ ታሪክ አለው። በጃንዋሪ 2019 በቶዮሱ የመጀመሪያ ጨረታ 278 ኪሎ የሚመዝን አንድ ብሉፊን 333.6 ሚሊዮን የን ወጣ፤ የዓለም ጋዜጦችም ተቀባበሉት። ያ ዋጋ የምግብ ዋጋ አይደለም፣ የማስታወቂያ ወጪ ነው፤ የገዛው የሱሺ ዛንማይ ባለቤት ዓሣውን ለደንበኞቹ ያቀረበው በተለመደ ዋጋ ነው። እውነተኛው ዜና ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ለዓመታት ተመናምኖ የነበረው የፓስፊክ ብሉፊን በቁጥጥሩ ምክንያት ከታሰበው ቀድሞ አገገመ፣ ጃፓንም ለትልልቆቹ ዓሣዎች የተፈቀደላት ኮታ ከ2025 ጀምሮ ከ5,614 ቶን ወደ 8,421 ቶን አደገ። እንግዲህ ሳህኑ የሚወደደው በቱና ምክንያት ቢሆን ኖሮ አሁን መርከስ በጀመረ ነበር።

አልረከሰም። ምክንያቱን ለማግኘት ሳህኑን ገልብጦ ማየት ነው። አንድ መደበኛ ካይሰንዶን 250 ግራም ያህል የበሰለ ሩዝ ይይዛል፤ ይህ ጥሬው ሲመዘን 110 ግራም ገደማ ነው። በ2024 ፀደይ ሱፐርማርኬት ውስጥ አምስት ኪሎ ሩዝ 2,000 የን ግድም ነበር፤ በሜይ 2025 ከ4,200 የን አለፈ። በዚህ ሒሳብ የአንዱ ሳህን ሩዝ ከ44 የን ወደ 92 የን ወጣ ማለት ነው። ምግብ ቤቶች በጅምላ ስለሚገዙ ቁጥሩ ትንሽ ሊያንስ ይችላል፤ አካሄዱ ግን ያው ነው። ሃምሳ የን ምን አላት ይባል ይሆናል። 1,000 የን የሚሸጥ ቤት ኪራዩን፣ ደመወዙን፣ ጋዙን ከፍሎ ከአንድ ሳህን ሃምሳ ወይም መቶ የን ከተረፈው ጥሩ ሠራ የሚባል ነው። ሩዙ የበላው ያንኑ ትርፍ ነው።

ደግሞ ሩዝ በጃፓን ምግብ ቤት የልግስና ምልክት ነበር። "ሩዝ ማብዛት በነፃ" የሚል ጽሑፍ በር ላይ መለጠፍ ተማሪውንና የጉልበት ሠራተኛውን የሚጠራ የቆየ ዘዴ ነው። ተጨማሪው ሩዝ ሃያ ምናምን የን ብቻ ሲያስወጣ ባለቤቱ ዓይኑን ሳያሽ ይሰጥ ነበር፤ ሃምሳ ሲያስወጣ ግን ይቆጥራል። ስለዚህ የዋጋው ጭማሪ ብዙ ቦታ መጀመሪያ የታየው በዋናው ሳህን ዋጋ ላይ አልነበረም፤ ነፃ የነበረው ሩዝ 50 ወይም 100 የን የሚያስከፍል አዝራር ሲሆን ነው። ዓሣው ያው፣ ዋጋው ያው፣ ሆዱ ግን ጎደለ።

ሩዙ ለምን ተወደደ? የቅርቡ ምክንያት የ2023 በጋ ሙቀት ነው፤ የሩዙ ፍሬ ነጣ፣ ሲፈተግ ተሰባበረ፣ ለገበያ የሚወጣው ጥሩ ሩዝ አነሰ። በኦገስት 2024 ደግሞ ደቡባዊ ጃፓንን ያናወጠ ርዕደ መሬት ተከትሎ መንግሥት ለታላቅ መንቀጥቀጥ ተጠንቀቁ የሚል ማሳሰቢያ ሲያወጣ ሕዝቡ ሩዝ መሸመትና ማከማቸት ያዘ፤ መደርደሪያዎች ባዶ ቀሩ። የሩቁ ምክንያት ግን ፖሊሲ ነው። ጃፓናዊ በነፍስ ወከፍ የሚበላው ሩዝ በ1962 118 ኪሎ ነበር፤ ዛሬ ከዚያ ከግማሽ በታች ነው። የሩዝ ዋጋ እንዳይወድቅ መንግሥት ከ1970 ገደማ ጀምሮ ገበሬው ማሳውን እንዲቀንስ ሲከፍለው ኖረ። ያ ሥርዓት በይፋ በ2018 ቢቆምም ከሩዝ ወደ ሌላ ሰብል ለሚዞረው የሚሰጠው ድጎማ ቀጠለ። ገበሬው አረጀ፣ ምርቱ ከፍላጎቱ ጋር ጫፍ ለጫፍ ሆነ፤ አንድ ሞቃት በጋ ሲጨመርበት ለመገልበጥ በቃ።

የፖለቲካው ጉዳይ ደግሞ ፊልም ይመስላል። የግብርና ሚኒስትሩ ታኩ ኤቶ ደጋፊዎቻቸው ስለሚሰጧቸው ሩዝ ገዝተው እንደማያውቁ በመናገራቸው በሜይ 2025 ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ተተኪያቸው ሺንጂሮ ኮይዙሚ ለክፉ ቀን የተቀመጠውን የመንግሥት ሩዝ አምስት ኪሎው በሱቅ 2,000 የን ግድም እንዲሸጥ በቀጥታ ለቸርቻሪዎች ለቀቁት፤ ሕዝቡም ተሰለፈ። ከተለቀቀው መሀል የ2021 ምርት የሆነ አሮጌ ሩዝ ነበረበት። እዚህ ላይ ካይሰንዶን ቤቶች ከሌላው ምግብ ቤት የተለየ ፈተና ገጠማቸው። ካሪ የተደፋበት ሩዝ ቢያረጅ አይታወቅም፤ ጥሬ ዓሣ ሥር የተቀመጠ ባዶ ሩዝ ግን ሽታውንም ድርቀቱንም አይደብቅም። መውጫው ኮምጣጤ ነው። ሱሺ ሠሪዎች ድሮም ውሃው የቀነሰ የከረመ ሩዝ ኮምጣጤ በደንብ ስለሚጠጣ ከአዲሱ ጋር መቀላቀል ይወዳሉ፤ ስለዚህ ሳህኑን በሱሺ ሩዝ የሚሠሩ ቤቶች ከሌሎቹ ይልቅ መላ ነበራቸው። ኢዮን የተባለው ትልቅ ሱፐርማርኬትም የካሊፎርኒያውን ካልሮዝ ሩዝ መደርደሪያ ላይ አወጣ፤ በኪሎ 341 የን ቀረጥ ተከፍሎበት እንኳ ከሀገር ውስጡ የሚረክስበት ጊዜ መጣ። ይህ ከጥቂት ዓመት በፊት ቢነገር የሚያምን አይገኝም ነበር።

ሦስተኛው ምሰሶ ደመወዝ ነው። የቶኪዮ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ በ2015 907 የን ነበር፤ በ2025 መኸር 1,226 የን ሆኗል። ለሠራተኛው መልካም ነው፤ ለባለ አሥር ወንበሩ ቤት ደግሞ ተጨማሪ ሸክም። ቀድሞ 1,000 የን የሆነች አንዲት ሳህን የአንድ ሰዓት ሠራተኛ ትከፍል ነበር፤ አሁን አትከፍልም። በዚያ ላይ የዋጋ ንረቱ ሲቀነስ እውነተኛው የሠራተኛ ገቢ በ2022፣ በ2023ም በ2024ም ወርዷል፤ ደንበኛውም ከ1,000 የን በላይ ለማውጣት እጁ ይያዛል። ባለቤቱ ከሁለቱ መሀል ተጣብቋል። ትኬት በሚተፋው ማሽን፣ ራስን በማስተናገድ፣ ወንበር የሌለው የመውሰጃ ሱቅ በመክፈት ያመልጣል። ዶንማሩ የሚባሉት የመውሰጃ ሱቆች ለረጅም ጊዜ በአንዲት የ500 የን ሳንቲም፣ ከታክሱ ጋር 540 የን፣ ሳህን ሲሸጡ የኖሩት ወንበርም አስተናጋጅም ስለሌላቸው ነበር። ያ ዋጋ ዛሬ ታሪክ ሆኗል።

አሁን የ7,000 የኑን ሳህን በዚህ ዓይን ብናየው ምሥጢሩ ይገለጣል። በ2024 ጃፓንን የጎበኘው የውጭ ሰው ወደ 36.9 ሚሊዮን ይደርሳል። በ2011 አንድ ዶላር 80 የን አይሞላም ነበር፤ በጁላይ 2024 ከ160 አለፈ። 7,000 የን ለአሜሪካዊው 44 ዶላር ነው፤ በባሕር ዳርቻ ተቀምጦ ለሚበላው የባሕር ምግብ ብዙ አይመስለውም። በዚያው ዓመት ለነበረው የቶኪዮ ዝቅተኛ ተከፋይ ግን ያው 7,000 የን የስድስት ሰዓት ጉልበት ነው። ሁለቱ ሰዎች አንድ ሳህን ፊት ተቀምጠው ሁለት የተለያየ ዋጋ ያያሉ። ሺቡያ ውስጥ አንድ የባሕር ምግብ ቡፌ በ2024 ለሀገሩ ነዋሪዎች 1,000 የን ቅናሽ ማድረግ ሲጀምር ጃፓን ውስጥ ትልቅ ክርክር ተነሥቶ ነበር። የፈረንጅ ዋጋ የሚባለውን ለለመድን ለእኛ ክርክሩ ራሱ ነው የሚያስገርመው። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፦ ጥሩው ቁራጭ ብዙ ወደሚከፍለው መሄዱ የገበያ ሕግ ነው፤ ሆኖም የቢሮ ሠራተኛው ሳህን የሚሠራበት ቁርጥራጭና ናካኦቺም "የገበያ ልዩ ምግብ" እየተባለ በቱሪስት ዋጋ መሸጥ ከጀመረ ለርካሹ ቤት የሚተርፍ ተራፊ አይኖርም።

ይህ ደግሞ በአጉል ጊዜ የመጣ ነው። ጃፓናዊ በዓመት የሚበላው የባሕር ምግብ በ2001 በነፍስ ወከፍ 40 ኪሎ ነበር፤ አሁን 22 ኪሎ ግድም ነው፤ ሥጋ ከዓሣ ከበለጠ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ዓሣ ገዝቶ ቤቱ የሚበልት ወጣት እየጠፋ ነው። ለብዙው ሰው ሳሺሚ የሚያገኝበት ዋናው ቦታ ይኸው ርካሽ ባንኮኒ ሆኗል። ክፍለ ሀገር አሁንም ደህና ቦታ አለ። ኩሺሮ ውስጥ በዋሾ ገበያ መጀመሪያ ሩዙን ይገዙና ከዓሣ ሻጭ ወደ ዓሣ ሻጭ እየዞሩ የፈለጉትን አንድ አንድ ቁራጭ ያስጨምራሉ፤ አኦሞሪም ተመሳሳይ በትኬት የሚሠራ ገበያ አላት። ሁለቱም ቱሪስት ቢያውቃቸውም በላተኛው የሚከፍለውን ቁራጭ በቁራጭ ያያል፤ ይህ ከማንኛውም የዋጋ ቁጥጥር የተሻለ ጠባቂ ነው።

በትምህርት ዕድል ሄዶ ቶኪዮ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ተማሪ ወይም በናሪታ አየር ማረፊያ በኩል የሚያልፍ መንገደኛ ይህን ምግብ መቅመስ ቢፈልግ ምክሬ አጭር ነው (ዓሣ የጾም ነው አይደለም የሚለውን ለሊቃውንቱ ትቼ)። ከገበያው በር ራቅ ይበሉ። ማታ ማታ መጠጥና ሳሺሚ የሚሸጡ ቤቶች ቀን ከአምስት ሰዓት ተኩል እስከ ስምንት ሰዓት ድረስ ምሳ ያቀርባሉ፤ ለማታ ከገዙት ዓሣ የተረፈውን ስለሚያወጡበትና ለማታ ደንበኛ ስለሚያጠምዱበት ካይሰንዶናቸው በዋጋም በጥራትም ብዙ ጊዜ ከቱሪስቱ ይሻላል። ፎቶ የሌለው፣ በእጅ የተጻፈ የዕለት ዝርዝር የለጠፈ ቤት ጥሩ ምልክት ነው። ሩዙን ይቅመሱት፤ በረዶ የሆነ ወይም የሚያቃጥል ከሆነ ቤቱ ለሳህኑ ግድ የለውም፤ ሩዙ የእጅ ሙቀት ያህል ሲሆን ነው የዓሣው ስብ የሚለሰልሰው።

የነገው ሳህን ዋጋ የሚወሰነው ቶዮሱ ሳይሆን የመንግሥት ቢሮ ውስጥ ነው። በኦገስት 2025 ጠቅላይ ሚኒስትር ሺገሩ ኢሺባ የሩዝ ምርት እንዲጨምር የሚያደርግ አዲስ አቅጣጫ አስታውቀው ነበር። በኦክቶበር ሳናኤ ታካኢቺ ሥልጣን ሲይዙ የሾሟቸው የግብርና ሚኒስትር ኖሪካዙ ሱዙኪ ግን ወደ ቀድሞው፣ በፍላጎት ልክ ማምረት ወደሚለው መርሕ ተመለሱ። በዚያው መኸር አዲሱ ሩዝ ገበያ ገብቶም አምስት ኪሎው ከ4,200 የን በላይ ነበር። ገበሬው በዚህ ዋጋ ደስተኛ ነበር፤ ለአሥርት ዓመታት በኪሳራ ሲያርስ ስለኖረ አይፈረድበትም። ባለ አሥር ወንበሩ ቤት ባለቤት ግን ማሽኑ ላይ ያለውን ዋጋ 1,200 የን ለማድረግ ወይም ሩዙን ከ250 ወደ 200 ግራም ለማውረድ ከሁለት አንዱን መምረጡ አይቀርም፤ ሁለተኛውን ቢመርጥ አይገርምም፣ ደንበኛ ግራም አይመዝንምና።